በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ያለውን ዕድገት መለካት፦ ጭድ የሚበሉ ባክቴሪያዎችና የነዳጁ ሒሳብ

ከጭድ፣ ከገለባና ከአገዳ ነዳጅ ሊሠራ ነው የሚል ዜና በየጊዜው ይወጣል። አንድ ባክቴሪያ ተገኘ፣ ገለባውን በላ፣ ኤታኖል አወጣ ይባልና ዜናው በዚያው ያልፋል። በመካከሉ ያለው ከባድ ሥራ፣ ማለትም ባክቴሪያው ምን ያህል እንዳደገ ማወቅ፣ ብዙ ጊዜ አይነሳም። ስኳር በሟሟበት ውኃ ውስጥ ለሚያድግ ባክቴሪያ ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ሴሉሎስ ለሚበሉት ግን ተመራማሪዎችን ለአሥርት ዓመታት ሲያስቸግር የኖረ ጥያቄ ነው። ከነዳጁ ታሪክ ሁሉ እኔን የሚማርከኝ ይህ ክፍል ነው፤ ምክንያቱም ይህ ልኬት ከሌለ የተቀረው ተስፋ በሙሉ ግምት ሆኖ ይቀራል።

ሴሉሎስ ምንድን ነው? እኛስ ለምን አንፈጨውም?

እ.ኤ.አ. በ1838 ፈረንሳዊው ኬሚስት አንሴልም ፓየን የተለያዩ ዕፅዋትን በኬሚካል ሲያጥብ፣ ከሁሉም ላይ አንድ ዓይነት የማይሟሟ ነገር ተርፎ አገኘ። በኋላ ሴሉሎስ የተባለው ይህ ነው። ዕፅዋት ሕዋሳቸውን የሚያጥሩበት ግድግዳ በአብዛኛው ከእርሱ የተሠራ ነው፤ ጥጥ ደግሞ ከዘጠና በመቶ በላይ ሴሉሎስ ነው።

ሴሉሎስ የግሉኮስ ሰንሰለት ነው። በጤፍ፣ በስንዴና በድንች ውስጥ ያለው ስታርችም እንዲሁ የግሉኮስ ሰንሰለት ነው። የሁለቱ ልዩነት ግሉኮሶቹ እርስ በርስ የተያያዙበት አቅጣጫ ላይ ነው። ልዩነቱ ጥቃቅን ቢመስልም ውጤቱ ትልቅ ነው። ምራቃችንና አንጀታችን የሚያመነጩት ኢንዛይም የስታርችን ማያያዣ ይቆርጣል፣ የሴሉሎስን ግን መንካት አይችልም። (ኢንዛይም ማለት የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው።) ከዚህ በላይ የሴሉሎስ ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ተደርድረው በጥብቅ ስለሚያያዙ ውኃ እንኳ በመካከላቸው አይገባም። በተፈጥሮ ደግሞ ሴሉሎስ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን አይገኝም። ሄሚሴሉሎስ የሚባል ሌላ የስኳር ሰንሰለትና ሊግኒን የሚባል እንጨትን እንጨት የሚያደርገው ጠንካራ ነገር ይከቡታል።

ላም ጭድ በልታ ትኖራለች እንጂ ጭዱን የምትፈጨው ራሷ አይደለችም። በጨጓራዋ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ሴሉሎሱን ሰባብረው ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ እርሷ የምትመገበው አሲዱን ነው። ኦክስጅን በሌለበት የሚኖሩ ባክቴሪያዎችን በቤተ ሙከራ ማሳደግ የተቻለው በአመዛኙ አሜሪካዊው ሮበርት ሀንጌት ይህንን የከብት ጨጓራ ለማጥናት ሲል ባዘጋጀው ዘዴ ነው።

ነዳጁ ከየት ይመጣል?

ኤታኖል ከስኳር የሚገኝ አልኮል ነው። በኢትዮጵያም ከፊንጫ፣ በኋላም ከመተሐራ ስኳር ፋብሪካ የወጣ ኤታኖል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በአዲስ አበባ ከቤንዚን ጋር ሲደባለቅ ነበር፤ መጀመሪያ 5 በመቶ፣ ቆይቶ 10 በመቶ። ያ ኤታኖል የተሠራው ግን ስኳር ሲመረት ከሚተርፈው ወፍራም ፈሳሽ፣ ከሞላሰስ ነው፤ ሞላሰስ ውስጥ ያለው ስኳር አስቀድሞ የሟሟ ስለሆነ እርሾ ወዲያውኑ ያብላላዋል። ከአገዳው ተጨምቆ የሚቀረው ባጋስ ወደ ማሞቂያው እሳት ይገባል። በሴሉሎስ መልክ የተቆለፈው ስኳር ያለው በዚህ ባጋስ ውስጥ ነው።

ቁልፉን ለመክፈት ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ኢንዛይሙን ከሻጋታ አምርቶ በጭዱ ላይ መጨመር፣ ከዚያ የወጣውን ስኳር ለእርሾ መስጠት ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ዋነኛው ሻጋታ፣ ትሪኮደርማ ሪሴይ፣ የተገኘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በሰሎሞን ደሴቶች የአሜሪካ ጦር የጥጥ ድንኳን እየበሰበሰ ባስቸገረ ጊዜ ነው። መንገዱ ይሠራል፤ ኢንዛይሙ ግን ዋጋ ያስከፍላል።

ሁለተኛው መንገድ ኢንዛይሙንም ማብላላቱንም አንድ ባክቴሪያ እንዲሠራው ማድረግ ነው። ከሁሉም በላይ የተጠናው እጩ ክሎስትሪዲየም ቴርሞሴለም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1926 የተገለጸው ይህ ባክቴሪያ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ያድጋል፣ ኦክስጅንን አይወድም፣ ከሴሉሎስ ኤታኖልን ጨምሮ የተለያዩ ውጤቶችን ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ1983 ኤድዋርድ ባየርና ራፋኤል ላመድ በእስራኤል እንዳሳዩት፣ ኢንዛይሞቹን እየበተነ አይለቅም። በአንድ ትልቅ ስብስብ አቀናጅቶ በገዛ ገላው ላይ ይይዛቸዋል፤ በዚያው ስብስብ አማካይነትም ሴሉሎሱ ላይ ይጣበቃል። ስብስቡ ሴሉሎሶም ይባላል። መጣበቁን ልብ ይሏል፤ የመለካቱ ችግር በከፊል ከዚህ ይነሳል።

ነዳጁ ከተገኘ የባክቴሪያው ዕድገት ለምን ያስጨንቃል?

180 ግራም ግሉኮስ ሙሉ በሙሉ ወደ ኤታኖል ቢለወጥ የሚገኘው 92 ግራም ኤታኖልና 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከዚህ በላይ ማግኘት አይቻልም። ባክቴሪያው ግን የሚሠራው ለእኛ ብሎ አይደለም። ከሚበላው ከፊሉን ገላውን ይሠራበታል፣ ከፊሉን ኢንዛይም ያመርትበታል፣ ከፊሉን ደግሞ ወደ አሴቲክ፣ ላክቲክና ፎርሚክ አሲድ እንዲሁም ወደ ሃይድሮጅን ይለውጠዋል። ኤታኖል ከድርሻዎቹ አንዱ ብቻ ነው።

አንድ ተመራማሪ የባክቴሪያውን ዘረመል ለውጦ ኤታኖሉ በእጥፍ ጨመረ እንበል። እያንዳንዱ ሕዋስ ሥራውን አሻሽሎ ነው ወይስ ሕዋሳቱ በቁጥር ስለበዙ ብቻ? የሕዋሱን መጠን ካላወቅን ሁለቱን መለየት አይቻልም፤ መፍትሔያቸው ደግሞ ፈጽሞ የተለያየ ነው። የዕድገቱ ፍጥነት የፋብሪካውን ታንክ መጠንም ይወስናል። በአንድ በኩል ምግብ እየገባ በሌላው በኩል ውጤት በሚወጣበት ታንክ ውስጥ፣ ባክቴሪያው ከሚወጣው ፈሳሽ ፈጥኖ ካልተራባ ታጥቦ ያልቃል። ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ በተመቸ ምግብ ውስጥ በ20 ደቂቃ ገደማ እጥፍ ሲሆን፣ ክሎስትሪዲየም ቴርሞሴለም በሴሉሎስ ላይ እጥፍ ለመሆን ሰዓታት ይወስዳል። በአራት ሰዓት እጥፍ ለሚሆን ባክቴሪያ፣ በስምንት ሰዓት እጥፍ ለሚሆነው ከሚያስፈልገው ታንክ ግማሽ ያህሉ ይበቃዋል።

የተለመደው መለኪያ ምን ነካው?

ባክቴሪያ ሲበዛ ውኃው ይደፈርሳል። በየቤተ ሙከራው ያለው ስፔክትሮፎቶሜትር የሚባል መሣሪያ በፈሳሹ ውስጥ ብርሃን፣ አብዛኛውን ጊዜ 600 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን፣ ይልክና ምን ያህሉ ሳይበተን እንዳለፈ ይለካል። ድፍርሱ ሲጨምር የሚያልፈው ብርሃን ይቀንሳል። ርካሽና ፈጣን ነው፣ የሚያስፈልገውም ትንሽ ናሙና ብቻ ነው።

የእንጀራ ሊጥ አቡክቶ የሚያውቅ ሰው የዚህን ዘዴ ችግር ወዲያው ይረዳል። ሊጡ ውስጥ እርሾው ምን ያህል እንደተራባ ለማወቅ ማንም የሊጡን ድፍርስነት አያይም፤ ዱቄቱ ከመጀመሪያውም አደፍርሶታል። የሚታየው ኩፍ ማለቱ፣ አረፋውና ሽታው ነው። የሴሉሎስ ዱቄትም ውኃ ውስጥ አይሟሟም፤ ብርሃንን ልክ እንደ ባክቴሪያ ይበትናል። ይባስ ብሎ ሕዋሳቱ ሲበዙ ሴሉሎሱ እየተበላ ይቀንሳል። ስለዚህ ባክቴሪያው በደንብ እያደገ ሳለ የመሣሪያው ንባብ ሊወርድ ይችላል፤ ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ባክቴሪያው እየሞተ ነው ብሎ ይደመድማል።

ሌሎቹ የለመድናቸው ዘዴዎችም ይሰናከላሉ። አድርቆ መመዘን አይሆንም፤ ሚዛኑ ሴሉሎሱንም ሕዋሱንም አንድ ላይ ይመዝናል። ባክቴሪያውን በማሳደጊያ ሳሕን ላይ ዘርቶ የበቀሉትን ነጠብጣቦች መቁጠርም ያሳስታል። በአንዲት የሴሉሎስ ቅንጣት ላይ መቶ ሕዋሳት ተጣብቀው ቢኖሩ ሳሕኑ ላይ የሚበቅለው አንድ ነጠብጣብ ነው። ኮንጎ ሬድ በሚባል ቀይ ቀለም የተቀባ፣ ሴሉሎስ ያለበት ሳሕን ሴሉሎስ የተበላበትን ሥፍራ በቀይ መሐል እንደ ነጣ ክብ አጉልቶ ያሳያል፤ ይህ ማን ሴሉሎስ ይበላል የሚለውን ይመልሳል፣ ስንት አሉ የሚለውን ግን አይመልስም።

አንዳንዶች በሴሉሎስ ፈንታ ሴሎባዮስ ይሰጡታል፤ ሁለት ግሉኮስ የተያያዙበት፣ ውኃ ውስጥ የሚሟሟ ስኳር ነው። ያኔ የብርሃኑ መለኪያ ያለ ችግር ይሠራል። ለብዙ ጥያቄዎች ይህ በቂ ነው፤ ስለ ነዳጁ ለሚጠየቀው ግን በቂ ነው ብዬ አላምንም። የሟሟ ስኳር ያገኘ ባክቴሪያ መጣበቅም ሆነ ጠጣሩን መቆራረጥ አይጠበቅበትም። የፋብሪካው ፈተና ደግሞ ጠጣሩ ላይ ነው።

ታዲያ በምን ይለካል?

የመፍትሔው ሐሳብ አንድ ነው፦ ሕዋሱ ያለው፣ ሴሉሎስ ግን የሌለው ነገር ፈልጎ እርሱን መለካት።

ሴሉሎስ የተሠራው ከካርቦን፣ ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን ብቻ ነው። ሕያው ሕዋስ ግን ፕሮቲንና ዲኤንኤ ስላለው የግድ ናይትሮጅን ይይዛል፤ ከደረቅ ክብደቱ ከአሥር በመቶ የሚበልጠው ናይትሮጅን ነው፣ ግማሽ ገደማው ደግሞ ካርቦን። ስለዚህ ናሙናው በፍጥነት በሚሽከረከር ማሽን ይዘቅጣል፣ ዝቃጩ ደጋግሞ ይታጠባል፣ ከዚያ ውስጡ ያለው ካርቦንና ናይትሮጅን ይለካል። መታጠቡ የግድ ነው፤ የማሳደጊያው ውኃ ራሱ ናይትሮጅን ያለበት ነውና በደንብ ያልታጠበ ዝቃጭ የሌሉ ሕዋሳትን ይቆጥራል።

ሒሳቡን ለማሳየት ያህል በታሰቡ ቁጥሮች እንሂድ። በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ዝቃጭ 120 ሚሊግራም ናይትሮጅንና 1,388 ሚሊግራም ካርቦን ቢኖረው፣ የሕዋሱ ናይትሮጅን 12 በመቶ ነው ብለን ከወሰድን ሕዋሳቱ 1 ግራም ይመዝናሉ። የእነርሱ ካርቦን 500 ሚሊግራም ነው። ቀሪው 888 ሚሊግራም ካርቦን የሴሉሎሱ ነው፤ ሴሉሎስ 44.4 በመቶ ካርቦን ስለሆነ ገና ያልተበላው 2 ግራም ይሆናል። ከአንድ ዝቃጭ ምን ያህል እንዳደገና ምን ያህል እንደቀረ በአንድ ጊዜ ወጣ። ዘዴውን የምወደው ለዚህ ነው።

ፕሮቲንን መለካትም በዚያው ሐሳብ ላይ ይቆማል። ሕዋሱ በአልካሊና በሙቀት ይፈርሳል፣ ከዚያ ከፕሮቲን ጋር ሲገናኝ ቀለሙን የሚለውጥ ኬሚካል ይጨመራል። ከታወቁት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1976 ማሪዮን ብራድፎርድ ያወጣው ሲሆን፣ ቡናማው ፈሳሽ ፕሮቲን ሲያገኝ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል።

ሁለቱም ዘዴዎች የሚያሳስቱበት ቦታ አላቸው። ሴሉሎሶሙ ራሱ ፕሮቲን ነው። ከሕዋሱ ተለይቶ ሴሉሎሱ ላይ የተጣበቀ ኢንዛይም እንደ ሕዋስ ይቆጠራል፣ ይህ ባክቴሪያ ደግሞ ኢንዛይም በብዛት ያመርታል። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ዳርትማውዝ ኮሌጅ የነበሩ ተመራማሪዎች ኢንዛይሙን ብቻ ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል በመጠቀም የኢንዛይሙን ክብደት ከሕዋሱ ክብደት ነጥለው መለካት የቻሉት ይህንን ስህተት ለማረም ነው።

ሳይከፈት የሚለካም አለ። በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ የሚወጣው ሃይድሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊቱን ይጨምረዋል፤ ኤታኖሉና አሲዶቹም ከፈሳሹ ላይ በመሣሪያ ተለይተው ይለካሉ። በሊጡ ምሳሌ ብንሄድ አረፋውን ማየት ማለት ነው። አረፋ ግን ሥራን እንጂ ብዛትን አይነግርም። ባክቴሪያው መራባቱን ካቆመ በኋላም ሴሉሎስ መብላቱንና ጋዝ ማውጣቱን ሊቀጥል ይችላል።

ናሙና ሲወሰድ ምን ይታያል?

ሥራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ከማሽኑ በፊት ነው። ጠርሙሱ በወፍራም ላስቲክ ተደፍኖ አየሩ በናይትሮጅን ይተካል። በፈሳሹ ውስጥ ሬዛዙሪን የሚባል ቀለም ይጨመራል፤ ኦክስጅን ካለ ሮዝ ይሆናል፣ ከሌለ ቀለም አልባ ነው። ጠርሙሱ ሮዝ ከሆነ አየር ገብቷል ማለት ነው፤ ባክቴሪያውም አያድግም። ዕድገቱ ሲጀምር ደግሞ ነጩ ሴሉሎስ ቢጫ ይሆናል። ባክቴሪያው የሚያመነጨው ቢጫ ነገር በቃጫው ላይ ስለሚያርፍ ነው፤ ማንኛውም ማሽን ከመናገሩ በፊት ዓይን ያየዋል።

ከዚያ መርፌው በላስቲኩ ውስጥ ይገባል። ሴሉሎስ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ባክቴሪያው ደግሞ በሴሉሎሱ ላይ ነው። ጠርሙሱ በደንብ ሳይናወጥ ከላይ የተወሰደ ናሙና ሕዋሳቱን ታች ትቷቸው ይመጣል። መርፌው ቀጭን ከሆነም ቅንጣቶቹ አያልፉበትም። ለዚህ ነው በጥንቃቄ የሚሠሩ ሰዎች ከአንድ ጠርሙስ ደጋግመው ከመቅዳት ይልቅ ብዙ ተመሳሳይ ጠርሙሶችን አዘጋጅተው በየሰዓቱ አንዱን ሙሉ በሙሉ የሚሠዉት።

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ ምን ይነበባል?

ባክቴሪያ በሟሟ ስኳር ውስጥ ሲያድግ ትንሽ ይዘገያል፣ ከዚያ በእኩል ጊዜ እጥፍ እየሆነ ይሄዳል፣ ምግቡ ሲያልቅ ይቆማል። በሴሉሎስ ላይ መልኩ ይለያል። መጀመሪያ የሚጣበቁበት ቦታ ሞልቶ ስለተረፈ እጥፍ እያሉ ይሄዳሉ። ገጹ በሕዋሳት ሲሸፈን ግን ፍጥነቱን የሚወስነው የሕዋሱ ችሎታ መሆኑ ቀርቶ የቀረው ባዶ ቦታ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ፈጣን የነበረ፣ በመካከል የቀዘቀዘ መሥመር ያየ ሰው ሴሉሎሱን ይበልጥ ማድቀቅ ሊረዳ እንደሚችል ይገነዘባል፤ የባክቴሪያውን ዘረመል መቀየር እዚያ ላይ ብዙም አይጠቅምም።

ሌላው ማረጋገጫ የካርቦን ሒሳብ ነው። በገባው ሴሉሎስ ውስጥ የነበረው ካርቦን በሙሉ በሕዋስ፣ በኤታኖል፣ በአሲድ፣ በጋዝና ባልተበላው ሴሉሎስ መልክ ተደምሮ መገኘት አለበት። ድምሩ ከገባው እጅግ ካነሰ ያልተለካ ነገር አለ፤ ከበለጠ ደግሞ አንዱ መለኪያ ይዋሻል።

ይህ ሁሉ ታውቆ ፋብሪካዎቹ የት አሉ?

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው ሕግ በ2022 ከሴሉሎስ 16 ቢሊዮን ጋሎን ነዳጅ እንዲመረት አቅዳ ነበር። የተመረተው ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። በካንሳስ የተከፈተው የአቤንጎአ ፋብሪካ ባለቤቱ ሲከስር ተሸጠ፣ በአዮዋ የነበረው የዱፖንት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2017 ቆመ። እነዚህ የተጠቀሙት በኢንዛይምና በሌሎች አብላይ ተሕዋስያን ነው፤ ዋጋ፣ ጭዱን መሰብሰብና ማጽዳት አሸነፋቸው። በብራዚል ከባጋስ የሚመረተው ግን ቀጥሏል።

ባክቴሪያው ብቻውን የሚሠራበት መንገድ ገና እዚያ አልደረሰም። ኤታኖሉን አጣርቶ ማውጣት እንዲያዋጣ በሊትር 40 ግራም አካባቢ መድረስ አለበት ይባላል፤ የተሻሻለው ክሎስትሪዲየም ቴርሞሴለም በሴሉሎስ ላይ በቤተ ሙከራ የደረሰው 25 ግራም አካባቢ ነው። ጭዱም ቢሆን በየቦታው በነፃ የሚገኝ አይደለም። በኢትዮጵያ የጤፍ ጭድ የከብት መኖ ነው፣ ከጭቃ ጋር ተቦክቶም ቤት ይለሰንበታል። ከእኛ አገር አንጻር ሳየው ባጋስ ከጭድ ይልቅ የቀረበ ጥሬ ዕቃ ይመስለኛል፤ ቢያንስ አስቀድሞ በአንድ ቦታ ተከምሮ ይገኛል።

በንጹሕ ዱቄት ሳይሆን በእውነተኛ ጭድ ላይስ?

እስካሁን የተባለው ሁሉ የሚሠራው ሴሉሎሱ ንጹሕ ሲሆን ነው። ጭድና ባጋስ የራሳቸው ፕሮቲንና ናይትሮጅን አላቸው፤ ሊግኒኑ ደግሞ የፕሮቲን መለኪያ ቀለሞችን ያዛባል። ያኔ የሚቀረው የባክቴሪያውን የራሱን ዲኤንኤ መቁጠር ነው። በዕፅዋት ውስጥ የሌለ፣ የእርሱ ብቻ የሆነ የዘረመል ቁራጭ ይመረጥና ፒሲአር በሚባለው የዲኤንኤ ማባዣ ዘዴ በየዙሩ እየተባዛ፣ ለመታየት ስንት ዙር እንደወሰደበት ይለካል። በጥቂት ዙር ከታየ ሕዋሳቱ ብዙ ነበሩ ማለት ነው። እዚህም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሞተ ሕዋስ ዲኤንኤ ወዲያው አይጠፋም፣ ከቃጫው ያልተላቀቀ ሕዋስ አይቆጠርም፣ በፍጥነት የሚራባ ሕዋስ ደግሞ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ የዲኤንኤ ቅጂ ሊይዝ ይችላል። በዚህ ምክንያት በጭድ ላይ የሚሠሩ ጥናቶች የዲኤንኤውን ቁጥር ከወጣው ጋዝና ከኤታኖሉ፣ እንዲሁም በጠንካራ አሲድ ተፈትቶ ከሚለካው የቀሪ ስኳር መጠን ጋር ጎን ለጎን ያቀርባሉ። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ሲያመለክቱ ብቻ ባክቴሪያው በጭዱ ላይ በእርግጥ አድጓል ይባላል።